ስለ ጆቴ ቀኝ እጅና ስለ ተሸከምኩት ድንጋይ

ለተከበሩ የቀበሌያችን የፍትሕ ጉዳይ ኃላፊ
አዳማ

ጤና ይስጥልኝ እያልኩ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚፈርሙበት ቀኝ እጅዎ ደኅና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲጣላ የምጠራ ሽማግሌ ነኝ። ጎረቤቴን ጆቴን፣ ባጃጁን ወደ ሶደሬ ሲነዳ፣ ሚኪያስ የሚባል ተሳፋሪ ሊዘርፈው ብሎ ቀኝ እጁን በጩቤ ወጋው። ጅማቱ ተቆርጧል፤ ሐኪሙ ቶሎ ካልተቀጠለ ጣቶቹ እንደታጠፉ ይቀራሉ ብሏል። ማሳከሚያ የለውምና ካሣ እንዲፈረድለት ለእርስዎ አመለከተ።

አንደኛ፣ ታርቃችኋል፣ ይቅር ያለ ሰው ካሣ አይጠይቅም ብለው መዝገቡን ስለዘጉልን እናመሰግናለን። ዕርቅ ቂምን እንጂ ጅማትን የሚጠግን ያልመሰለን በእኛ ድንቁርና ነው።

ሁለተኛ፣ ጆቴ እንደገና ሲያመለክት በግራ እጁ ቢፈርም፣ ፊርማው ከበፊቱ ጋር አይመሳሰልም ብለው ስለመለሱት፣ ጥንቃቄዎ ያስቀናል። በቀኙ መፈረም ቢችልማ ደጅዎን ምን ሊያደርግ ይረግጥ ነበር?

ሦስተኛው አቤቱታ በእኔው ላይ ነው። የሚኪያስ ቤተሰቦች ሲለምኑኝ፣ እንደ ወጉ ድንጋይ በጫንቃዬ ተሸክሜ ጆቴ ደጅ የተንበረከክሁት እኔ ነኝ። እናሳክመዋለን ብለውኝ ነበር፤ በሽማግሌ ፊት የተነገረ ቃል ይበቃል ብዬ ዋስ እንኳ አልጠራሁም። ጆቴ ለሽበቴ ሲል ይቅር አለ፤ እነሱ ዛሬ ስልኬን አያነሱም። ምነው ያን ቀን እግሬን በሰበረው! የጆቴ ሚስት ገላኔ ጠዋት ስታገኘኝ እንደ ድሮው በኦሮምኛዋ አካም ቡልተን አባባ፣ እንዴት አደሩ ትለኛለች፤ ብትሰድበኝ በስንት ጣዕሙ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ጆቴ የተወው ቂሙን እንጂ እጁን እንዳልሆነ ቆሜ እመሰክራለሁና፣ ጣቶቹ ሳይደርቁ መዝገቡን እንዲከፍቱለት በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ከማስታረቅ በቀር ሙያ የሌለው፣ እሱንም ያበላሸው ታዛዥዎ፣
ወልደአማኑኤል ፈቃዱ

ያልጨረስኩት ነገር፦ ያን ቀን ድንጋዩን ከጫንቃዬ ያወረደልኝ ጆቴ ራሱ ነው፣ በግራ እጁ። ሰኞ ጠዋት ያንኑ ድንጋይ ተሸክሜ ቢሮዎ በር ላይ ተንበርክኬ እጠብቅዎታለሁ። ማውረዱ ለእርስዎ አይከብድዎትም፤ ሁለቱም እጅዎ ደኅና ነው።