በእርሳስ የተሰረዘው ጳጳስ

ውድ ሄቲ፣

ይህን ደብዳቤ እህትሽ ማርጀሪ እንደምታነብልሽ አውቃለሁ። ማርጀሪ፣ እባክሽ ምንም ሳታስቀሪ አንብቢላት፤ የእኔ ክፋት ጋ ስትደርሺ ድምፅሽን ከፍ ብታደርጊም ቅር አይለኝም።

ሄቲ፣ ማንቸስተር ሬዲዮ ጣቢያ ስገባ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። “ወይዘሮ ብራምዌል” ብዬ ብጠራሽ፣ “ወይዘሮዋ አማቴ ናት፤ እኔ ሄቲ ነኝ። ደግሞ ማይክራፎኑን አትፍሪው፣ አይነክስም። የሚነክሰው አዘጋጁ ነው” አልሽኝ። ያኔ በሬዲዮው ጭውውት ውስጥ ወይዘሮ ግሪምሾ ነበርሽ፤ ተከራዮቿን “ሻዩን ስትጨርሱ ቅጠሉን መልሱልኝ፣ ነገም ቀን ነው” የምትለዋ ቋጣሪ አከራይ። ሐሙስ ማታ አገሩ ሁሉ ሬዲዮው ሥር ተኮልኩሎ በአንቺ ይስቅ ነበር። እኔ ሦስት መስመር ያላት የቤት ሠራተኛ ነበርኩ።

ዓይንሽ እየደከመ መሆኑን ከእኔ በቀር ያወቀ አልነበረም። ረቡዕ ረቡዕ ክፍልሽ መጥቼ ጭውውቱን ጮክ ብዬ አነብልሻለሁ፤ አንቺ ዳቦሽን ሞራ እየቀባሽ ሁለቴ ሰምተሽ ትሸመድጂዋለሽ። ሐሙስ ማይክራፎኑ ፊት እንደ ሁላችንም ወረቀት ትይዣለሽ፤ ያለቀውን ገጽ እንዳይንኮሻኮሽ ቀስ ብለሽ ምንጣፉ ላይ ትለቂዋለሽ። አንዳንዴ ዘቅዝቀሽ ስትይዢው የማዞርልሽ እኔ ነበርኩ። “ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ፤ ማንበብ የማትችል ተዋናይ ለሬዲዮ ምን ትሠራለች?” ብለሽ አስምለሽኛል።

ያን ሐሙስ ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው አዘጋጁ ፔንሮዝ ላቡን እየጠረገ ገባ። “የከተማችን ጳጳስ አረፉ! አሁን በዜና ተነገረ። የጳጳሱን ቀልድ ሰርዙት፣ ‘ሻምበሉ’ በሉት!” አንቺ ፀጉርሽን ልታስተካክይ ወጥተሽ ነበር። “ኔል፣ የሄቲ ወረቀት ላይ አርሚና ንገሪያት” አለኝ። አረምኩት። በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት። ተመልሰሽ አጠገቤ ቆምሽ። ሙሉ አምስት ደቂቃ ነበረኝ፤ ምንም አልነገርኩሽም።

ረስቼው ነው እያልኩ ዘጠኝ ዓመት ራሴን ላሳምን ሞክሬያለሁ። አልረሳሁም። ቦታሽን ፈልጌው ነበር።

ጭውውቱ ተጀምሮ ተከራዩ አልጋው ጎረበጠኝ ብሎ ሲያማርር፣ አንቺ በዚያ ደረቅ ድምፅሽ፣ “ጳጳሱ ያደሩበት አልጋ ነው! ከዚያ ወዲህ ማን አያቸው?” አልሽ። ስቱዲዮው ውስጥ ሊስቅ የመጣው ሦስት መቶ ተመልካች ጭጭ አለ። አንድ ሰውዬ ብቻ ሳቀና ሚስቱ በክርኗ ጎሰመችው። ዝግጅቱ እንዳለቀ ፔንሮዝ ወረቀትሽን ከምንጣፉ አንስቶ እርሳሴን አየ። “ተጽፎልሽ የለም እንዴ? ዓይን የለሽም?” ብሎ ጮኸብሽ። ወደ እኔ ዞር አልሽ። ልታጋልጪኝ ትችይ ነበር። “አይቼዋለሁ። ሻምበሉ አያስቅም” አልሽና ኮትሽን ለበስሽ። በማግስቱ ተባረርሽ፤ በሳምንቱ ወይዘሮ ግሪምሾ እኔ ሆንኩ።

የውሸት ትሕትና አላውቅም፤ ጎበዝ ነበርኩ። በሦስተኛው ዓመት በሬዲዮ በልጬሻለሁ። ማርጀሪ፣ ይህቺን ድገሚላት። መድረክ ላይ ግን አጠገብሽ አልደርስም። ብላክፑል ከተማ መድረክ ላይ ባዶ እጅሽን ወጥተሽ የምትቀመጪበት ወንበር ስትፈልጊ ብቻ ሕዝቡ በሳቅ ሲንፈራፈር አይቻለሁ። ያንን እኔ ብሞክረው ሰው የሚያዝንልኝ ይመስለኛል።

በሚያዝያ ለንደን ውስጥ በስሜ የሚጠራ የመድረክ ትርኢት ይከፈታል፤ ዘፈኑም ጭፈራውም ጭውውቱም አለበት። አዘጋጁ ያው ፔንሮዝ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ቢሮው ገብቼ የእርሳሱን ነገር ዘረገፍኩለት። የዓይንሽንም ነገርኩት፤ መሐላዬን አፍርሻለሁ።

“ኔል፣ የድሮ ነገር ነው። ማን ያስታውሰዋል?” አለኝ።

“እኔ አስታውሰዋለሁ። እሷም ታስታውሰዋለች። ሁለተኛው ክፍል የሄቲ ነው፤ እሷ ከሌለች እኔም የለሁም።”

“ዓይኗስ?”

“መድረክ ላይ ወረቀት የሚይዝ ማን አለ?”

ጸሐፊዋን ጠርቶ ውልሽን አስጻፈ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ።

ሄቲ፣ ይቅር በይኝ። ይቅር ባትይኝም ነይ፤ ሥራው መጀመሪያም ያንቺ ነውና እንደ መማለጃ አትቁጠሪው። ልትሰድቢኝ ከፈለግሽ ለንደን ባቡር ጣቢያ ቆሜ እቀበልሻለሁ፤ እዚያው ሰው ሁሉ እየሰማ ስደቢኝ። ስድብሽ ሲያስቅ ስለማውቅ እኔም ሳልስቅ አልቀርም።

ልምምዱ ሰኞ በአራት ሰዓት ይጀመራል። እሁድ ጽሑፉን ይዤ ያረፍሽበት መጥቼ አነብልሻለሁ። መጋረጃው እስኪከፈት ድረስ አንዲት ቃል ብትለወጥ፣ አጠገብሽ ቆሜ በጆሮሽ እነግርሻለሁ።

ቦታሽን የወሰድኩብሽ፣
ኔል