የማውስ ቦታ ለሌለው ጠረጴዛ ስለተመረጠው ውብ መስኮት

ለተከበሩ የአዲሱ ፕሮግራም የገጽታ ቴክኖሎጂ መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ የሆስፒታሉ የካርድ ክፍል ሠራተኞች ሙሉ ጤና እንዲሆንልዎ የምንመኘው ከልባችን ነው፤ አያድርገውና ቢያምዎት መምጫዎ ወደ እኛው ነው፣ ካርድዎንም የምንፈልገው እኛው ነን፤ መፈለጉ ደግሞ በአሁኑ ጊዜ ለታማሚም ለፈላጊም አይመከርም።

የካርዶቹን ቦታ ወዲያው የሚነግረን የኮምፒውተር ፕሮግራም ሊሠራልን እንደሆነ በደስታ ሰምተናል። የፕሮግራሙ መስኮትና ቁልፎች በምን ቴክኖሎጂ ይሠሩ የሚለውን እንዲመርጥ የእርስዎ ኮሚቴ ከተሰየመም እነሆ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ኮሚቴው ተረቱን በሚገባ ሰምቶ ኖሮ ቁጭ ብሎ እየታጠቀ ነው። ለዚህ ትዕግሥት ምስጋናችን ይድረስዎ። ከምስጋናው ጋር የተወሰኑ ጥቃቅን ነገሮችን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ምርጫው ስለመብዛቱ። መጀመሪያ የተመረጠልን እንደ ድረ ገጽ ተሠርቶ የዴስክቶፕ ልብስ የሚለብሰው ነበር። በእርስዎ ላፕቶፕ ላይ ሲታይ ልብ ይማርካል፤ በእኛ ኮምፒውተር ላይ ግን ሚሞሪውን ብቻውን ጠጥቶ ጨርሶ ሌላውን ሁሉ አስተኛው። ቀጥሎ በሁሉም ዓይነት ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ተመረጠ፤ እኛ ያለን አንድ ዓይነት ነው፣ ያውም ሁለት ኮምፒውተር። ሦስተኛውን አንድ የኮሚቴ አባል ከሥልጠና ሲመለሱ ይዘውልን መጡ። ምርጫው በተለወጠ ቁጥር ፕሮግራመሩ የይለፍ ቃል መጠየቂያውን መስኮት እንደ አዲስ ስለሚሠራ እኛም ልጁን “መስኮት” እያልን እንጠራዋለን። እስካሁን ሦስት መግቢያ አለን፤ ከሦስተኛው በስተኋላ አንዲት የመፈለጊያ ሳጥን ከመጨመሯ በቀር ቤቱ ገና አልተሠራም። መስኮት ራሱ ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው በሚመጡት ግራጫ ቁልፎች ቢሠራው በሦስት ሳምንት እንደሚጨርስ ቢያመለክት፣ መልኩ ያረጀ ነው የሚል መልስ እንደተሰጠው ሰምተናል። ስለ መልካችን እንዲህ የተጨነቀ አካል ኖሮ አያውቅምና እናመሰግናለን።

፪ኛ፦ ስለ እጅ። የካርድ ክፍል ሠራተኛ እንደማንኛውም ሰው ሁለት እጅ ቢኖረውም ለኮምፒውተር የሚተርፈው አንዱ ብቻ ነው፤ በሌላው ካርድ ይዟል። ጠረጴዛው እስከ ጫፉ በካርድ ስለተሞላ ማውሱ ተነቅሎ ግድግዳው ላይ ባለች ሚስማር ከተሰቀለ ዓመታት አልፈዋል፤ የምንሠራው በኪቦርድ ነው። የተመረጡልን ሦስቱም መስኮቶች ግን ያለ ማውስ ንቅንቅ አይሉም። ማውሱን ለመጨበጥ ካርዱን ስናስቀምጥ፣ ካርዱ ከሌላው ካርድ ጋር ሲደባለቅ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት የኛ ክፍል ባልደረባ ሳትሆን አልቀረችም እንላለን። ይህን ብናመለክት የፍላጎት ማሰባሰቢያ ቅጽ ተላከልን፤ ጥያቄው ቁልፎቹ ውሃ ሰማያዊ ይሁኑ ወይስ ጥቁር ሰማያዊ የሚል ነበር። ከሥሩ የማውስ ማስቀመጫ ቦታ የለንም ብለን ጻፍን። በቃለ ጉባኤው ላይ የካርድ ክፍል በሙሉ ድምፅ ውሃ ሰማያዊ መርጧል ተብሎ ሰፍሯል። ቀለሙ በእውነት ለዓይን ይስማማል።

፫ኛ፦ ይህኛውን ቀለል አድርጌ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። በክፍላችን ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩ እናት አሉ፤ “ማውጫ” እንላቸዋለን። ክፍሉ ሦስት ጊዜ ቤት ሲቀይር መደርደሪያዎቹ ስለተዘበራረቁ የብዙ ካርዶች ቁጥርና ቦታ አይገጥምም፤ የትኛው የት እንዳረፈ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ትናንት ጠዋት ሦስተኛውን መስኮት በምንሞክርበት ሰዓት አንዲት ሴት ትኩሳት የሚያንቀጠቅጠው ልጇን ታቅፋ መጣች። የማይስማማው መድኃኒት እንዳለ ታውቃለች፣ ስሙን ግን አታውቀውም፤ የተጻፈው ካርዱ ላይ ነው። በሙከራው ሰዓት በእጅ መፈለግ በኮሚቴው ደብዳቤ ተከልክሏልና ሩብ ሰዓት ሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሽከረከረውን የ“ጠብቁ” ክብ እያየን ቆምን። በመጨረሻ ማውጫ ደብዳቤውን ረግጠው ተነሡ፤ ከበሩ ጀርባ ካለው መደርደሪያ ካርዱን አምጥተው ለሴትዮዋ ሰጡ። ከዚያ ወደ ክቡ ዞር ብለው፣ “እኔ እኮ ከሰኞ ጀምሮ የለሁም” አሉ። አርብ ጡረታ ይወጣሉ። እኔ በበኩሌ ፈርቻለሁ፤ ሰኞም እንዲሁ የታመመ ልጅ የታቀፈች እናት ትመጣለችና።

ስለዚህ የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ያ ያረጀ መልክ ይፈቀድልን፤ እኛም ብንሆን እምብዛም ቆንጆዎች አይደለንም። መስኮት ነገ ጠዋት መጥቶ ማውጫ አጠገብ ይቀመጥ፤ እሳቸው የካርዶቹን ቦታ ይናገሩ፣ እሱ በግራጫው ሳጥን ይመዝግብ። ቁልፎቹን በኋላ በፈቀዳችሁት ሰማያዊ ትቀቡልናላችሁ።

ኮሚቴዎ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ በሰላም እንዲሻገር እየተመኘሁ፣ አንዱ እጄ ካርድ ስለያዘ በቀረው ብቻ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የማይለወጥ አክባሪዎ፣
ከካርድ ክፍል፣ ከበሩ በስተግራ ያለው ጠረጴዛ

ማስታወሻ፦ ዐምና ለወገብዎ ሲታከሙ የወጣልዎትን ካርድ ትናንት ለሙከራ ያህል ፈልገን ነበር፤ በቁጥሩ ቦታ የለም። ማውጫን ብንጠይቃቸው ፈገግ ብለው የት እንዳለ አሳዩን። የታካሚ ምስጢር ነውና ቦታውን በግልጽ ደብዳቤ አልጽፈውም፤ እሳቸው ግን እስከ አርብ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ቢሮ አሉ።