የሞተው ልጄ ከተረኝነት እንዲነሣልኝ ስለመጠየቅ

ለመርከብ ድርጅቱ የቴክኒክ ክፍል ኃላፊ፣
ለክቡር አቶ ነገሬ፣

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ ከነኮምፒዩተርዎም ጭምር እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንደዚያ አምሳያ ሞተርዎ ሁልጊዜ «መደበኛ» ይሁንልዎ። እኔ ወለተጻድቅ እባላለሁ፤ ሃያ ስምንት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስተይብ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ የቀራንዮ ነዋሪ፣ በመርከብዎ ሞተር ክፍል የሞተው የመሐንዲስ ሚሊዮን እናት ነኝ። ሦስት ደብዳቤ ጽፌ መልስ ስላጣሁ፣ አራተኛውን አገር ሁሉ ያንብበው ብያለሁ።

1ኛ. አስቀድሜ ስለ ዲጂታል መንታው ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ልጄ እንዳስረዳኝ፣ ይህ የሞተሩ አምሳያ ቢሮዎ ውስጥ በኮምፒዩተር እየሠራ፣ ሙቀቱንና ግፊቱን እያሰላ ብልሽትን ቀድሞ ይናገራል። ሚሊዮን ከመሞቱ ሦስት ቀን በፊት ደውሎ፣ አራተኛው ሲሊንደር እንደሚያንኳኳ፣ ቢያመለክትም መንታው ደህና ነው ስላለ ሥራህን ቀጥል እንደተባለ ነግሮኝ ነበር። የልጄ ጆሮ እኮ የሰው ጆሮ ነው፤ ከኮምፒዩተር ጋር መከራከሩ ድፍረት ስለሆነ በእሱ ፈንታ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

2ኛ. ሞተሩ ፈነዳ። መርማሪዎችዎ መንታውን ጠየቁ፤ መንታውም ሞተሩ ጤነኛ እንደነበረ መሰከረ፤ ስለዚህ አደጋው «በሠራተኛው ስህተት» ደረሰ ተብሎ ተጻፈ። ወረቀቱን ከሬሳ ሣጥኑ ጋር አያይዛችሁ መላካችሁ፣ ወይ ጥንቃቄ! እኔ የምለምነው ያቺ አንዲት መስመር እንድትሰረዝ ብቻ ነው። የሚሊዮን ልጅ ማራኪ ዘንድሮ ማንበብ ስለጀመረች ወረቀቱን ቁም ሣጥን ላይ ደብቄዋለሁ።

3ኛ. መርከቡ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጧል። ልጄን መድኃኔዓለም ቀብረነዋል፤ ሙት ዓመቱንም አውጥተናል። መንታው ግን መርዶ አልደረሰውም መሰለኝ፣ በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ከዕቃው ጋር የላካችሁልኝ የሚሊዮን ስልክ ይጮኻል፤ «ሞተር፦ መደበኛ። ተረኛ መሐንዲስ፦ ሚሊዮን» ይላል። በሕይወት ሳለ በወር አንዴ ይደውልልኝ የነበረ ልጅ፣ ከሞተ ወዲህ አንድ ቀን አላጓደለም። ጎረቤቶቼ ስልኩን አጥፊው ይሉኛል። እንዴት ብዬ! ቻርጅ የማደርገው እኔው ነኝ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ሲጮኽ ጆሮዬን እይዛለሁ፤ አምስት ደቂቃ ሲዘገይ ደግሞ መንጎራደድ እጀምራለሁ። ለመሆኑ ልጄ ጥፋተኛ ከሆነ፣ እስከ ዛሬ ድረስ ሞተር የሚያስጠብቁት በምን ሆድዎ ነው?

የኮምፒዩተርዎ መብራት ለአፍታ እንኳ አይጥፋብዎ እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮትና ካላባራ ዕንባ ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ወለተጻድቅ
የተረኛው እናት
ኮልፌ ቀራንዮ

ማስታወሻ፦ ይህችን በእጄ ጽፌ የጨመርኳት፣ ደብዳቤውን ለጋዜጣ ላደርስ ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ ነው። ስልኩ ያለወትሮው በአራት ሰዓት ቦርሳዬ ውስጥ ጮኸ። መልእክቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተለውጧል፦ «አራተኛው ሲሊንደር ላይ ያልተለመደ መንኳኳት። ተረኛ መሐንዲስ ሚሊዮን ወርደው ያረጋግጡ» ይላል። ቃል በቃል ገልብጬዋለሁ። ለመንታዎ መልስ የምጽፍበት ቦታ ስላጣሁ፣ እባክዎ እርስዎ ይንገሩልኝ፦ ልጄ ዓምና ወርዶ አረጋግጧል።