ባልዲያችን ይመለስልን፤ ምስክር ወረቀቱን ይውሰዱ

ለክቡር ሽሪ ራግሁናት ሳህብ ዳምዴሬ
የቴምብሪ ከተማ የአረንጓዴ በዓል ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም በበዓሉ ሰሞን አሥር ቀን ሙሉ በድምፅ ማጉያ ስለ ጸጥታ ጥቅም ሲያስተምረን የሰነበተው ጉሮሮዎ ደህና ነው? እኛ የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ነዋሪዎች፣ ከፊታችን እንቅፋት ለሚያነሣው ባለ ዝሆን ራሱ ጌታ ጋኔሽ ምስጋና ይድረሰውና፣ ከአንድ ባልዲ በቀር የጎደለብን ነገር የለም።

እኔ ኢንዱማቲ ታምሀንካር እባላለሁ። በከተማችን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሳይንስ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ለመታየት ፈልጌ ሳይሆን፣ ሦስት ጊዜ በፖስታ አሽጌ ጽፌ መልስ ስላጣሁ ነው። በርግጥ መልስ አጣሁ ማለት ውሸት ይሆንብኛል፤ ጸሐፊዎ ሦስተኛውን ደብዳቤ ሲቀበሉኝ "ታይ፣ ወረቀት ማባከን እኮ ለአካባቢ ጥሩ አይደለም" ብለው፣ ታይ ማለት ታላቅ እኅት ነውና፣ እንደ እኅታቸው መክረውኛል። ምክራቸውን ተቀብዬ ይኸው አራተኛውን በጋዜጣ አወጣሁት፤ ጋዜጣው እንደሆነ እኔ ጻፍኩ አልጻፍኩ መታተሙ አይቀርም።

ዘንድሮ የጋኔሽን በዓል ተፈጥሮን በማይጎዳ መንገድ እንድናከብር ስላወጁልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። በጀሶ የሚሠራው ምስል በበዓሉ ፍጻሜ ውሃ ውስጥ ሲሰናበት እንደማይሟሟ፣ ወንዛችንንም ዓሣችንንም እንደፈጀ እናውቃለን፤ አዋጁን የሰማን ዕለት እልል ብለናል። እልልታችንን ምን እንደዋጠው ግን እንደሚከተለው በትሕትና እንዘረዝራለን።

አንደኛ፦ "ፕላስቲክ ይብቃ!" የሚሉ ሁለት መቶ የፕላስቲክ ባነሮችን በየምሰሶው ስላሰቀሉልን እናመሰግናለን። በባነሩ ላይ የእርስዎ ፊት የበር ያህል ሲሆን፣ ጌታ ጋኔሽ ከጉትቻዎ በስተግርጌ እንደ ቴምብር ተለጥፏል። ባለ በዓሉ ማን እንደሆነ ለመለየት መጀመሪያ ተቸግረን ነበር። ዝናቡ ሲጠና ግን ባነሮቹን አውርደን በሚያፈሱ ጣሪያዎቻችን ላይ ዘርግተናቸዋል፤ ዶፉ ሌሊትና ቀን በፊትዎ ላይ ሲወርድ እኛ ከሥር ደርቀን ሰንብተናል። ከተመረጡ ወዲህ ለሰፈራችን የሠሩት ትልቁ ሥራ ይኸ ነው፤ ዕድሜ ይስጥልን።

ሁለተኛ፦ ከሰፈራችን ግርጌ አንዲት ኩሬ ነበረች። ዳታራም ካካ፣ ማለትም የሁላችንም አጎት የሆነው የሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ምስል ሠሪያችን፣ ባፓን (ጌታ ጋኔሽን እኛ እንደዚያ ነው የምንጠራው፤ አባብዬ እንደማለት ነው) የሚሠራው ከዚህች ኩሬ ጭቃ ነበር። በዓሉ ሲያልቅ እዚያችው ኩሬ አውርደን እናሰናብተዋለን፤ ጭቃው ይሟሟል፤ ከዳር እፍኝ አፈር ምስሉ ተቀምጦበት በነበረው የእንጨት ገበታ ላይ አድርገን ወደ ቤት እንመለሳለን፤ በዓመቱ ካካ ያንኑ ጭቃ ቆፍሮ ያንኑ ባፓ ይሠራዋል። አማቴ ሙሽራ ሆና በመጣችበት ዓመት የሰገደችለትና እኔ አምና የሰገድኩለት አንድ ጭቃ ነው። ይህን ስናደርግ ተፈጥሮን እየተንከባከብን መሆናችንን የነገረን ስላልነበረ፣ ሳንኮራበት ኖርን።

ኮሚቴዎ ግን ኩሬዋን ከጉዳት ሊጠብቅ በግንቦት መጥቶ ወለሏንም ዳሯንም በሲሚንቶ ለሰናት፣ መሐሏ ላይ ፏፏቴ ተከለባት፣ "ውሃውን መንካት ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳም አቆመላት። እንቁራሪቶቹ ሁለት ቀን ሲሚንቶው ላይ ተቀምጠው ካሰቡበት በኋላ ሄዱ። የተረፈው ካካ ቀደም ብሎ አውጥቶ በእርጥብ ጆንያ የሸፈነው አንድ ቅርጫት ጭቃ ብቻ ነበር።

ከዚያች አንድ ቅርጫት ለመላው ሰፈር አንድ ባፓ ሠራ። እጁ ይንቀጠቀጣል። ድሮ በቀን ሦስት ይጨርስ የነበረ ሰው ዘንድሮ አንዱን ሁለት ወር ፈጀበት፤ ኩምቢውን ብቻ አራት ጊዜ አፍርሶ ሠርቶታል። ሲያልቅ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ እንዴት እንዳማረ ቢያዩት! ፈገግ ያለ፣ ሆዱ ሞላ ያለ፣ ልክ ከምሳ የተነሣ የሚመስል ባፓ ነበር።

ሦስተኛ፦ በዋዜማው ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ተቆጣጣሪዎ ፕራላድ ከተፍ አለ። ፕራላድን አውቀዋለሁ። አምስተኛ ክፍል ሳለ ጭቃ በውሃ እንደሚሟሟ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ለካ አላመነኝም ኖሯል። መመሪያውን ቆሞ አነበበልን፤ ማንኛውም ምስል ጭቃ መሆኑ የሚረጋገጠው በባልዲ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሙሉ በሙሉ ሲሟሟ ተቆጣጣሪው በዓይኑ ካየ ነው፤ ምስክር ወረቀት የሌለው ምስል ለበዓሉ አይቀመጥም።

ካካ ቀልድ መስሎት ሳቀ። "ልጄ፣ ከሱ የተረፈች ቁራሽ ጭቃ አለችኝ፤ እሷን ንከራት። እሱም እሷም አንድ ናቸው" አለው።

"ካካ፣ መመሪያው ምስሉን ነው የሚለው። ቁራሽ ነክሬ ብመለስ ሰብሳቢው ሳህብ እኔኑ ነው የሚነክሩኝ" አለ ፕራላድ።

ጎረቤቴ ካማል ነገር አታሳድርም፤ "አንተ! ሚስትህ ሩዙ መብሰሉን የምታውቀው ድስቱን ሙሉ ጨርሳ ነው እንዴ?" አለችው።

"እሱ መመሪያ አልወጣለትም" አለ፤ በሙሉ ልቡ።

ባልዲ እንኳ አልያዘም ነበር። ሰማያዊ ባልዲዬን ከቤት አውጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ባልዲውን ሲያይ አፍሮ ይተወዋል ብዬ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው። አላፈረም። ውሃ ሞላ፣ ባፓን አቅፎ አስገባው፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በመጀመሪያ ከእግሩ ሥር ያለችው፣ ባፓ የሚጋልባት የጭቃ አይጥ ሟሟች፤ ከዚያ አራት ጊዜ የተሠራው ኩምቢ፤ ከዚያ ያ ሆድ። በስድስት ሰዓት ባልዲው ውስጥ ቡናማ ውሃ ቀረ። ፕራላድ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጨርሶ ብድግ አለና ፊቱ በደስታ በርቶ፣ "እንኳን ደስ ያላችሁ! መቶ ከመቶ አልፏል!" አለን።

ምስክር ወረቀት ቁጥር አንድ ተሰጠን፤ እንዳይበላሽ በፕላስቲክ የተለበጠ ነው። ካካ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አየው፤ ባፓ ከጀርባው ይኖር ይሆን ብሎ መሰለኝ። ከዚያ ፕራላድ ባልዲዬን ከነጭቃው አሽጎ "ይቺ ማስረጃ ናት" ብሎ ይዟት ሄደ። ካካም በባዶ እግሩ፣ በዚያ ዝናብ፣ "ወረቀትህን ውሰድ፣ ጭቃዬን ስጠኝ" እያለ እስከ አስፋልቱ ተከተለው። በሠላሳ አንድ ዓመት የማስተማር ዘመኔ ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም። ያን ቀን አለቀስኩ።

አራተኛ፦ አሣማ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ወንዙን የፈጀው ጀሶ ሆኖ ሳለ የተነከረው ጭቃችን ሆነ። ኮሚቴዎ በአደባባይ ያቆመውን ባለ ሦስት ፎቅ ቁመት ምስል አይተን ተደንቀናል። ጀሶ መሆኑን ደብቀው አያውቁም፤ ነገር ግን ከኩምቢው እስከ ጥፍሩ አረንጓዴ ቀለም ስለተቀባ የአረንጓዴ በዓል መሆኑን ማንም ሊጠራጠር አልቻለም። ስለምን አልተመረመረም ብለን ስንጠይቅ፣ ለእርሱ የሚሆን ባልዲ ስላልተገኘ ከምርመራው ነፃ መሆኑ ተነገረን። ሕግ ማለት እንዲህ ነው። በባልዲ የሚገባ ይመርመር፣ የማይገባ ይንገሥ።

በአሥረኛው ቀን ኮሚቴው ባሠራው የፕላስቲክ ገንዳ ውስጥ ሲያሰናብቱትም ነበርን። ገንዳው እስከ ጉልበቱ እንኳ አልደረሰለትም። ክሬኑ ጎንበስ ሊያደርገው ሲገፋው ግራ ጆሮው ተሰብሮ ወደቀ፤ ያኔም እርስዎ ስለ ዓሦች ደህንነት ንግግርዎን አላቋረጡም። ጽናትዎን አደነቅን።

እኛስ እንዴት አከበርን? ምስል ሲጠፋ በሩዝ ላይ አንዲት ሱፓሪ፣ ያቺን ከቅጠል ጋር የምናኝካትን ደረቅ ፍሬ፣ አስቀምጦ በባፓ ስም መስገድ የአባቶቻችን ወግ ነው። በእንጨት ገበታው ላይ አስቀመጥናት። ሃያ አንድ ቅንጣት ሣር፣ ቀይ አበባ፣ ኮኮናትና ጥቁር ስኳር የተሞላ ሞዳክ የሚባል ጣፋጭም ሃያ አንድ ከፊቷ ደረደርን። ካማል ጎንበስ ብላ አየቻትና፣ "ውይ! ባፓ ዘንድሮ እንዴት ከስቶ መጣ!" ስትል ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ። ካካ ብቻ አልሳቀም። ባፓን ስናሰናብተው ሁልጊዜ "በሚመጣው ዓመት ቶሎ ና!" እያልን እንጮኻለን፤ ዘንድሮ ግን ተውነው። ቶሎ ቢመጣስ ከምን ሊሠራ?

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ኩሬዋን አፍርሱልን አላልንም፤ ፏፏቴውም ይፍሰስ። ባልዲዋን ከነጭቃዋ ይመልሱልን። በመጋዘንዎ ውስጥ ከመዝገብ መደርደሪያው አጠገብ እንዳለች እናውቃለን፤ ምክንያቱም ካካ በየማክሰኞው እየሄደ በመስኮት ያያታል። ጥበቃው ደግ ሰው ነው፤ "አለችልህ፣ ካካ፣ የትም አልሄደችም" እያለ ይሸኘዋል። ፕራላድ ማስረጃ ሰባት ዓመት ካልተቀመጠ አይለቀቅም ብሎኛል። የሳይንስ እንጂ የሒሳብ አስተማሪ አልነበርኩም፤ ሰባ ዘጠኝ ላይ ሰባት መደመር ግን አያቅተኝም። ካካ ባለፈው ማክሰኞ ከዚያ ሲመለስ ደጄ ላይ አረፍ ብሎ፣ "ኢንዱ ታይ፣ እጄ ጨርሶ ሳይከዳኝ አንድ ብቻ ልሥራ። ሌላ ምን አልኩ?" አለኝ። እኔ ሻይ ቀዳሁለት፤ መልሱን እርስዎ ካለዎት እሰየው።

ንግግርዎ ይርዘም፣ ባነርዎ ዝናብ ይቻል፣ ወንበርዎ በባልዲ የማይገባ ሆኖ ይኑር እያልኩ፣ በሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ነዋሪዎች፣ በአንድ ሽማግሌና በአንዲት ሱፓሪ ስም ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ፣
ኢንዱማቲ ታምሀንካር
የምስክር ወረቀት ቁጥር አንድ ባለቤት

ማሳሰቢያ፦ ያን ዕለት ከአረንጓዴው ምስል ተሰብሮ የወደቀውን ጆሮ ማንም ስላላነሣው ከካማል ጋር ተሸክመን ወደ ቤት ወስደነዋል። ሕግ አክባሪዎች ስለሆንን በመመሪያዎ መሠረት በካማል ባልዲ ውስጥ የገባውን ያህል ነክረነዋል። ወንበር ስበን፣ ሻይ ጠጥተን ጠበቅነው። ዛሬ ሃያ አንደኛ ቀኑ ነው፤ ጆሮው ንክች አላለም፤ ውሃው ግን አረንጓዴ ስለሆነ ዓላማዎ ተሳክቷል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላልና፣ ሦስት ደብዳቤ ያልሰሙት ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ጆሮዎ እኔ ቤት ነው። የካካን ጭቃ ይዘው ይምጡና ይውሰዱት።