በቅሎ የበላችው እርጥብ ሣር

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ ወንድሜ ለጋሼ ደርበው፤

ከተለየሁዎ ወዲህ እንደምን ሰንብተዋል? ክረምት ሲቃረብ የሚነሣብዎት የጉልበት ቁርጥማት ዘንድሮስ ማረዎት? እናታችንስ ዓይኗ ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁና ከዚህ ከመቱ አገር ዝናብ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ዝናቡ ግን ፋታ አይሰጥም፤ ጫማዬ ከደረቀ ወር አልፎታል።

ዛሬ የምጽፍልዎ አንድ ጥፋቴን ነው። ሌላ ሰው ቢሰማ ይስቅብኛል፤ እርስዎ ግን ቢስቁም ያዝኑልኛል።

ስምንተኛ ክፍል ከማስተምራቸው ሦስት ሴቶች አንዷ ተጂቱ ትባላለች። ሁሩሙ ከሚባል መንደር የገበሬ ልጅ ናት፤ በሒሳብ የሚቀድማት የለም። አንድ ቀን ጠመኔ ጠፍቶኝ ኪሴን ስበረብር ሳቀች። ለምን ሳቅሽ ብላት አፏን በእጇ ሸፈነች። ተንበርከኪ ብላት ስለ ሳቅ አልንበረከክም ብላ ደብተሯን ይዛ ወጣች። መቼም ቁጣዬን ያውቁታል፤ ደሜ ፈላና ለዲሬክተሩ ከሰስኳት። እሳቸውም ወላጇ መጥቶ ይቅርታ ካልጠየቀ፣ እኔም ይቅር ካላልኩ፣ ስሟ ከመዝገብ ይሰረዛል አሉ። የሚኒስትሪ ፈተና ሊደርስ አንድ ወር ቀርቶት ነበር።

ቅዳሜ ጧት አባቷ ኦቦ ዲንቃ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ከደጄ ቆሙ። ሦስቱም በእጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል። የተናገሩት በኦሮምኛ ነው፤ እኔ ደግሞ ከሰላምታ አላልፍም። የአከራዬ የእትዬ ዘውደነሽ በቅሎ ከደጅ ታስራ ነበርና ለእሷ ያመጡ መሰለኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተቀበልኩና ከፊቷ ጣልኩላት። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና ተመልሰው ሄዱ። እኔም ይቅርታው ቀርቶ በሣር ሊሸነግሉኝ ነው ብዬ ይባስ ተናደድኩ።

ማክሰኞ ዕለት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አባ ቀጀላ ምነው መምህር፣ እንዲህ ጨካኝ ነዎት እንዴ አሉኝ። ለካስ በዚህ አገር እርጥብ ሣር ይዞ ደጅ መቆም ይቅርታ መለመን ነው። ሣሩን የጣለ ሰው አልታረቅም ማለቱ ነው፤ እኔማ ለበቅሎ አበላሁት። ኦቦ ዲንቃ ተስፋ ቆርጠው ልጅቱን ኡካ የሚባል አገር ላለ ሰው ሊድሯት ቀን ቆርጠዋል አሉኝ። ባልንጀሮቿ ሲፈተኑ እሷ በእኔ ጦስ ሰው ቤት ልትገባ ነው።

ቅዳሜ እስኪደርስ ቀኑ አልገፋ አለኝ። አባ ቀጀላን ለምኜ በማለዳ በእግር ሁሩሙ ሄድን። ከመንደሩ አፋፍ ሣር ነጨሁና በሁለት እጄ ይዤ ከደጃቸው ቆምኩ። ኦቦ ዲንቃ ሣሩንና ፊቴን እያፈራረቁ ብዙ ተመለከቱ። ኋላ አንድ ነገር ተናገሩ፤ አባ ቀጀላ ሲተረጉሙልኝ፣ በቅሎዪቱስ ደኅና ናት ወይ ማለታቸው ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ሣሩን ተቀበሉኝ።

ተጂቱ እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዝኳት። ለምን እንደ ሳቀችም ያን ጊዜ ነገረችኝ፤ ኪሴን የምበረብርለት ጠመኔ ጆሮዬ ላይ ተሰክቶ ኖሯል። የኡካው ጋብቻ ቀረ፤ ሰኞ ክፍል ገባች። ፈተናው አሥር ቀን ቀርቶታል፤ ጸልዩላት።

ጋሼ፣ እኔ ቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ የኔታን ተዳፍሬ ሲያባርሩኝ፣ ድንጋይ ተሸክመው ከደጃቸው የቆሙልኝ እርስዎ ነበሩ። እነ ኦቦ ዲንቃም ድንጋይ ተሸክመው ቢመጡ ወዲያው በገባኝ። እዚህ ድንጋዩ ሣር መሆኑን ማን ይንገረኝ። ግን ሰው ከደጄ ሲቆም ምን ፈለጋችሁ ብሎ አስተርጓሚ መጥራት አያቅትም ነበር፤ ያሳፈረኝ እሱ ነው።

የእናታችንን ጉልበት ይሳሙልኝ። እትዬ ፈትለወርቅን በጣም አድርገው ሰላም ይበሉልኝ፤ ማሙሽን ትምህርቱን እንዳያስታጉል ይምከሩልኝ። የኔታን ደግሞ እጅ ይንሡልኝ። ያን ቀን እርስዎን ገና ከሩቅ ሲያዩ ድንጋዩን አውርድ ነበር ያሉት፤ እኔ ግን የሰው አባት ሳምንት ሙሉ አሸክሜ ከረምኩ ብሏል ይበሏቸው።

ታናሽ ወንድምዎ ፈንታሁን
መቱ፣ ግንቦት ፳፬ ቀን ፲፱፻፶ ዓ.ም.