እማዬ ትንፋሽ ስትይዝ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6

የእማዬ የመጀመሪያ የጨረር ቀን ነበር። አልሆነም። ማሽኑን ሳይከፍቱ መለሱን።

ግራ ጡቷ ላይ የነበረው እብጠት በቀዶ ጥገና ወጥቷል። ጨረሩ የቀረ ካለ እንዲያጠፋ ተብሎ ነው። ልቧ ግን እዚያው ስር ነው። ብዙ አየር ስባ ከያዘች ሳንባዋ ይነፋና ልቧን ገለል ያደርገዋል። ሃያ ሰከንድ ብቻ! እሷ ግን እንደያዘች ትለቃለች። "እስከ ሐሙስ ካልተሳካ እንዲሁ እንጀምራለን፣ ልቧም ትንሽ ይነካል" አለች ሐኪሟ። ትንሽ ስንት ነው? ልጠይቅ ብዬ... አፌ ተሳሰረ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ጠዋት ሆስፒታል። ዛሬም አልሆነም። ከሰዓት ቤት ተለማመድን። አልጋዋ ላይ ተጋድማ፣ እነሱ ትንፋሿን ለመለካት እንደሚያደርጉት ደረቷ ላይ ትንሽ ሳጥን አስቀምጬ... የክብሪት ቀፎ። "ያዢ" ስላት ሠላሳ አምስት ሰከንድ ያዘች! "ዓሣ ነኝ እኮ" ትላለች። ታዲያ እዚያ ስትሄድ ምን ይነካታል?

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

ባለማሽኑ፣ ረጅሙ ልጅ፣ ኮሪደር ላይ ጥፍሬን ስበላ አየኝ። "ነይ፣ ከውስጥ ሆነሽ እዪ።"

ሁለት ስክሪን አለ። አንዱ ላይ የትንፋሿ መስመር ይወጣል፣ ይወርዳል። ስክሪኑ ላይ ካለው አረንጓዴ ክልል መሃል ሲቆም ጨረሩ ይለቀቃል። ካለፈ ራሱ ይቋረጣል። ሌላው ላይ እማዬ ተጋድማለች፣ እጆቿ ከራሷ በላይ።

"እትዬ፣ ይሳቡ... ይሳቡ... ይያዙ!"

መስመሩ ወጣ። ወዲያው ዱብ።

እነሱ መስመሩን ያያሉ። እኔ ፊቷን። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ... "እሺ ልጄ" እያለች ነው! ሰው አናግሯት ሳትመልስ ቀርታ አታውቅም። ለሬዲዮ ዜና አንባቢ እንኳ "እንደምን አመሸህ" የምትል ሴት ናት።

ልናገር? ይቅርብኝ? ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። በአራተኛው ወጣልኝ።

"እሺ... እሺ ስለምትል ነው።"

"ምን?"

"መልስ እየሰጠች ነው። አየሩ በሱ ይወጣል።"

የክፍሉን ድምፅ ከፍ አድርጎ ሰማ። እውነትም! ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "እትዬ፣ ከእንግዲህ እንዳይመልሱልኝ!"

"እሺ የኔ ጌታ።"

ይሳቡ፣ ይያዙ... "እሺ።" ዱብ። "ታዲያ ሰው ሲያናግረኝ እንደ ግንድ ዝም ልበል?" አለች ተናዳ። ቆይታ ደግሞ፣ "ልጄ ትንገረኝ። ለሷማ መቼ መልሼ አውቃለሁ!"

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

ማይክ ፊት አስቀመጡኝ። ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ "አቤት" ማለት የሚጨንቀኝን እኔን...

"እማ፣ ሳቢ።"

"ምን ታንሾካሹኪያለሽ! ሚስጥር ነው እንዴ?"

ባለማሽኑ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ተናደድኩ መሰለኝ። ጮክ አልኩ። "ሳቢ!... ሳቢ!... ያዢ!"

መስመሩ ወጣ። አረንጓዴው ላይ ቀጥ አለ። ከንፈሯ ግጥም። ማሽኑ ጥዝዝ... አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ። "ተንፍሺ!"

ለካ እኔም አብሬ ይዤ ነበር። ራሴን አዞረኝ።

አርብ፣ ሚያዝያ 10

አምስቴ ያዘች። አምስቱም ሰመረ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 29

አለቀ! አሥራ አምስቱም ቀን እኔ ተናግሬ፣ እሷ ይዛ። ሐኪሟ "ልብዎ ከጨረሩ መንገድ ወጥቶ ነው የከረመው" አለቻት። እማዬ ሆዬ፣ "ድሮስ ልቤ መቼ ቦታው ተቀምጦ ያውቃል!"

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ደረቷ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል... ማንም ያዢ አይላትም።

መውረጃችን ደረሰ። ሌላ ቀን የምትጣራው እሷ ናት። እኔ ብቻዬን ስሆን እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄጄ በእግሬ እመለሳለሁ፣ ላለመናገር። ዛሬ አየር ሳብኩና "ወራጅ አለ!" አልኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። ይዙር!

እማዬ በድምፄ ብንን አለች። ከዚያ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ጉንጯን ነፍታ... ትንፋሿን ያዘች።