የማርሹ መዞሪያ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፤ ኪሊማኒ

ዛሬም መኪናዋ ከመቆሚያው «ፒ» አልወጣ አለች። የማርሹን መዞሪያ ወደ መሄጃው «ዲ» ባዞረውም ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው ያው «ፒ» ነው። መኪናዬን የሚሠራው ፉንዲ ካምቢዮው ካልተቀየረ አይሆንም ብሎኛል። አላመንኩትም። እህቴ ሂሩት መውለጃዋ ደርሷል፤ ሆስፒታል የማደርሳት እኔ ነኝ።

ሞተሩን ሳላስነሳ፣ ዳሽቦርዱን ብቻ አብርቼ፣ ፍሬን እንደረገጥኩ፣ መዞሪያውን «ዲ» ላይ እንዳለ አውጥቼ ከሥሩ ያለውን የሽቦ ሶኬት ጫን አደረግኩት። «ዲ» በራ። ስለቀው ተመልሶ «ፒ» ሆነ። አገኘሁት!

ሂሩት ከበረንዳው ላይ «ተሠራች እንዴ?» አለችኝ።

«ሶኬቱ ላልቶ ነው።»

«በቃ፣ ሰኞ ለክትትሌ ትወስደኛለህ።»

«ሶኬቱ ተቀይሮ፣ መጀመሪያ ብቻዬን ከተማውን አቋርጬ ኢምባካሲ ደርሼ ሳልመለስ አትገቢባትም።»

ተቆጥታ በሩን ዘጋችው። ትቆጣ። መንገድ መሃል ከምትወልድ ብታኮርፈኝ ይሻላል።